ነፋሱ በየት ይውጣ

ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ
የሰኔ ሚካኤል ማግሥት ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለበኩር ልጄ፤

የርብ ውኃ ገና አልሞላም፤ የእኔ ናፍቆት ግን ሞልቶ ፈሷልና አዲስ አበባ ድረስ ይምጣልሽ። አራስነቱ እንዴት ያዘሽ? ወገብሽ ጠና ወይ? ጡትሽስ ለልጅቱ ይበቃታል? ባልሽ ገንፎ ማገንፋት ለመደ ወይስ አሁንም ጎረቤት ነው የሚያበላሽ? እኔ ክብር ለፈጣሪ ይሁንና አለሁ። ወንድምሽ አንለይ አለ፤ ሚስቱ አማከለች አለች። ቡሬ ላማችን ወንድ ወልዳለች። ጥጃው ሻኛው ገና ሳይወጣ አንገቱ እንደ ግንድ ሆኗል፤ ሳቅፈው እጄ አልገጥም ይለኛል። የፎገራ ከብት ምን እንደሆነ ለከተማ ሰዎችሽ ንገሪልኝ።

የሚጽፉት የቁሐሩ መሪጌታ ተክለ ማርያም ናቸው፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ቃሌን በግዕዝ እንዳያሽሞነሙኑት፣ ከራሳቸውም አንዲት ቃል እንዳይጨምሩበት አስምያቸዋለሁ። መሪጌታን ማስማል ነውር ነው ትይኝ ይሆናል፤ እሳቸውም እንዲሁ ብለውኛል።

ደብዳቤሽ ከልጅቱ ፎቶግራፍ ጋር ደርሶኛል። ፎቶግራፉን ተቀብዬ በመዳፌ ያዝሁት። አማከለች ግንባሯ ቁርጥ የእናትሽ ነው አለች። እናትሽ ነፍሷን ይማርና፣ የእሷን ግንባር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ልጅቱ ስትመጣ እኔው እፈርዳለሁ። እስከዚያው ፎቶግራፉ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ነገር ልግባ።

የጻፍሽልኝን መሪጌታ ደጋግመው አንብበውልኛል። ወረታ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን አሮጌ ቤት፣ አንቺ ያሳደስሽውን፣ ከአዲስ አበባ ኮሚቴ ሄዶ አየው። በቀትር ገብተው ተቀመጡና ላባቸው እየወረደ ወጡ። ሞተር ሳይነሣ የሚቀዘቅዝ፣ ሞተር ሳይነሣ የሚበራ ቤት እሠራለሁ ብላ ናፍታውን አተረፈች፣ ሰውን ግን ቀቀለች ብለው ሳቁብሽ። ክረምቱ ሲወጣ ቁርጡን ሊናገሩ ነው። የአንቺ ሥራ ፈርሶ ቤቱ እንደ ድሮው በሞተር ሊያድር ነው፤ አንቺም ከንድፍ ሥራሽ ተነሥተሽ መዝገብ ቤት ልትቀመጪ ነው። አራስ ነሽና መጥተሽ ማየት አልቻልሽም። ስለዚህ፣ አባዬ፣ እርስዎ ልጄ ናት ብለው አያዳሉልኝም፤ ሄደው በዓይንዎ አይተው እውነቱን ይንገሩኝ አልሽ።

እዚህ ላይ መሪጌታ ማንበባቸውን አቁመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ብርድ ይዟቸው ይሆናል። ይቀጥሉ አልኋቸው። ሲጨርሱ፣ አንለይን ጠርቼ በቅሎዋን ጫን አልሁት።

ያን ቤት አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጣልያን ድንጋዩን ሲያስጠርብ እኔ ጎረምሳ ነበርሁ። የእህል መጋዘን ሊያደርገው ነው የሠራው፤ ሰው ይተነፍስበታል ብሎ አላሰበም። ኋላ ዩኒቨርሲቲው ተረክቦ የሜዳችንን እህልና ከብት የሚማሩ ልጆች ሲያስገባበት፣ ልጆቹ በበጋ ከቆርቆሮው ሥር ይጠበሱ ነበር። ክረምት ሲሆን ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ አፍ ይከፈታል ይዘጋል እንጂ ቃሉ አይሰማም። መስኮቱ የመጋዘን መስኮት ነውና ጠባብ ነው፤ በቀን ሞተር ያስነሣሉ። የሞተሩ ጩኸት ገበያውን፣ የናፍታው ግማት የጎንደሩን መንገድ ይሞላው ነበር። ናፍታ በራሽን ሆኖ ገበሬው ለኩራዙ ላምባ አጥቶ በጊዜ ሲተኛ፣ ያ ቤት በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራ ነበር።

አንቺ አምና በጥር ደንገል አስጭነሽ ስትመጪ እኔ ሳቅሁብሽ። ደንገል ለታንኳ ነው፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲውን ጣና ላይ ልታንሳፍፈው ነው ብዬ በማኅበር ላይ ሰው አስቄብሻለሁ። የዚያን ሰሞን ቤት መጥተሽ ጠላ ስቀዳልሽ ከዋንጫው ውጭ ፈሰሰና፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል ወይ ብለሽኝ ነበር። እጄ ያን ጊዜም አይንቀጠቀጥም፣ ዛሬም አይንቀጠቀጥም። ለእጄ አታስቢ።

በማግሥቱ አውድማ ላይ ጤፍ ሳዘራ መጥተሽ አጠገቤ ቆምሽ። አባዬ፣ ነፋሱ በዚህ ገብቶ በዚያ ባይወጣ እብቁ ይሄድልዎ ነበር ወይ አልሽኝ። የቤቱም ነገር ይኸው ነው፤ ከሐይቁ በኩል በታች ይገባል፣ ከማዶው በኩል ከጣራው ሥር ይወጣል፣ መውጫ ያላገኘ ነፋስ አይገባም አልሽ። ሥራ አታስፈቺኝ ብዬ በላይዳዬ አባረርሁሽ። ነገሩ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል።

በግንቦት መጨረሻ፣ ሙቀቱ ከብቱን ወደ ጥላ በሚያስጠጋበት ሰሞን ወረታ ወረድሁ። አማከለች ልጓሙን ይዛ መራች። ከተማ ትይ ብዬ ነው ያስከተልኋት። እሷም መንገዱን ሙሉ፣ አባባ እዚህ ጋ ቁልቁለት ነው፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ ስትለኝ ዋለች። በቅሎዋ ታውቀዋለች ብላት አልሰማ አለች፤ ምራትሽ ወሬ ትወዳለች። ገበያው ጋ ስንደርስ ምስር ግዢ አልኋት። ለምን እንደሆነ አልነገርኋትም።

ከግቢው በር ላይ ዘበኛው አዛናው፣ አያ መንግሥቴ የልጅዎን ምድጃ ሊሞቁ መጡ ወይ አለኝ። ድምፁን ከድሮ አውቀዋለሁ። ምድጃ ከሆነ አንተ እስካሁን ምነው አልበሰልህ አልሁት። ሳቀና በሩን ከፈተ።

እውነቱን ንገሩኝ ብለሽ ልከሽኛልና እንዳለ ስሚው። ገብቼ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ሙቀቱ ጉሮሮዬን ያዘኝ። እንደ ተከደነ ጋን የታፈነ ነው። ሙቀቱ ቢከፋባቸው መልሰው ያስነሡት ሞተር በጓሮ ይጮሃል፤ ከላይ ማራገቢያው ያንኑ ትኩሳት እያማሰለ ራሴ ላይ ያፈሰዋል። ኮሚቴው አልዋሸም። ልጄ ተሸነፈች አልሁ በሆዴ። ምን ብዬ እንደምልክብሽ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ብዋሽልሽ አታምኚኝም፤ እውነቱን ብልክብሽ ወተትሽ ይደርቃል። ያን ዕለት የተጨነቅሁትን ያህል እናትሽ በምጥ ስትያዝ አልተጨነቅሁም።

ከቀትር በኋላ የጣና ነፋስ ተነሣ። ታውቂዋለሽ፤ በበጋ አይቀርም። ውጭ ባሕር ዛፉ ሲንሿሿ ሰማሁ፤ የበሩ መዝጊያ ተንቋቋ። እኔ ከተቀመጥሁበት ግን ጢሜ እንኳ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ የአውድማው ነገርሽ ትዝ አለኝ።

የነፋሱ መግቢያ የት ነው ብዬ ጠየቅሁ። አማከለች ግድግዳው ድፍን ነው፣ እንደ እንቁላል ነጭ ነው፣ ቀዳዳ የሚባል የለውም አለች። የቤቱ ኃላፊ ጓድ ደሳለው የሚባል መምህር ነው፤ የተመደበው ዘንድሮ ነው። እሱም ንድፉ ላይ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ግድግዳው ላይ ግን የለም፣ ሠራተኞቹ ሳይሠሩት ሄደው ይሆናል አለ። ኮሚቴውም ዞሮ ዞሮ ያየው ይህንኑ ነጭ ግድግዳ ነው።

ተነሥቼ ግድግዳውን እየዳበስሁ መሄድ ጀመርሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ቤቱን እንደ በሬ ሊገዙት ነው መሰለኝ አለ። ሰማሁት። በሬ በዓይኑ አይቶ የሚገዛ ሰው ቤቱ የሚያስገባው ቆዳና አጥንት ነው፤ ጎድኑን መዳበስ ነው አልሁት። መሪጌታ አሁንም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከጽሕፈቱ በኋላ ዝንጅብል አፈላላቸዋለሁ።

ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ግድግዳው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሄደ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ለብ አለ። በጣቴ ቆረቆርሁት፤ እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ወደ ጎን ተራመድሁ፤ ሌላም አገኘሁ። ኖራውን በጥፍሬ ፍቄ አሸተትሁት። እበት ነው። እበት ይዞ የገባ ሰው በዘበኛው በር ነው ያለፈው፤ አዛናውን ጥሩልኝ አልሁ።

አዛናው ደስ ብሎት መጣ። እኔ ነኝ የደፈንሁት አለ። ልጅዎ ጎበዝ ናት አያ መንግሥቴ፣ ሠራተኞቹ ግን ግድግዳውን እንደ ወንፊት ጥለውት ሄዱ። ነፋሱ የሰው ልጅ ወገብ ሲመታ ቁጭ ብዬ ልይ? አንዱን የደብረ ታቦር ልጅ ሳል ያዘው። ከሚስቴ ጋር ሆነን የታቹንም፣ ከጣራው ሥር ያለውንም በጭድና በእበት ጠቀጠቅነው። እንዳያስቀይም ብለን ኖራ ቀባንበት። ማንም አላዘዘኝም፤ ለነፍሴ ነው አለ።

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቁጣው አልወጣ አለኝ። እኔም ዘበኛ ብሆን እደፍነው ነበር። እኛ አገር ነፋስ በጀርባው ሲገባ ዝም የሚል ማን አለ? አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው እስከ ዘር ማንዘሩ ይሰደባል። አዛናው የሰው ልጆች እንደ ልጆቹ አሳዝነውት ነው እንጂ ክፉ አላሰበም።

አዛናው፣ አውድማህን ዙሪያውን አጥረህ ታዘራለህ ወይ አልሁት። አላዘራም አለኝ። ለምን አልሁት። ነፋሱ በየት ይውጣ አለ። የተናገረውን ራሱ ሰማና መሰላል ላምጣ አለ።

ሞተሩን አጥፉ አልሁ። ዶማ አመጡ። የታቹን ተማሪዎቹ ነቀሉት፤ የላዩን አዛናው ራሱ ወጥቶ ነቀለው። ጭዱና እበቱ ራሴ ላይ ረገፈ። አማከለች ዘወር ይበሉ እያለች ጋቢዬን ብትጎትት ከቆምሁበት አልነቃነቅም አልሁ።

የመጨረሻው የጣራ ሥር ቀዳዳ ሲከፈት፣ ልጄ፣ ነፋስሽ መጣ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ቀስ ብሎ በጉልበቴ ወጣ፤ የጋቢዬን ጫፍ አነሣ፤ ከዚያ ላም ጥጃዋን ስትልስ እንደምትተነፍሰው ሁኖ አንገቴ ሥር ገባ። ያ የታፈነው ትኩሳት ከራሴ በላይ ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማኝ። እብቅ ሲሄድ እንዲሁ ነው። ጓድ ደሳለው ከጓሮ ሲመለስ ማራገቢያውን ማን ጨመረው ብሎ ጮኸ። ሞተሩን እኮ አሁን ራስህ ነህ ያጠፋኸው አልሁት። ተማሪዎቹ ሳቁበት። እሱም ሳቀ፤ ደግ ሰው ነው።

ሞተሩ ዝም ሲል ሌላ ነገር ሰማሁ። ልጆቹ መጽሐፋቸውን ሲገልጡ። በዚያ ቤት ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ብርሃኑም ጠይቀሽኛል። ከጣራው ባስገባሽው መስተዋት ቀን ሙሉ ይበራል አሉኝ። አሉኝ ብዬ አልጽፍልሽም፤ ሳልፈትን አልመሰክርም። አማከለችን ከሁሉ ከራቀው ከውስጠኛው ጥግ አስቀመጥኋትና ያን ምስር ልቀሚ አልኋት። ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምስር ለቀማ ተጀመረ ብለው ሞቱ በሳቅ። አንዱ፣ አባቴ ይህም ፈተና ነው ወይ አለኝ። ነው፣ አንተም ትወድቅበታለህ አልሁት። ለቅማ ስትጨርስ አፈስ አድርጌ በመዳፌ አሸሁት። ጠጠር የለበትም። እንግዲህ ብርሃንሽ ሙሉ ነው። ማንም ቢጠይቅሽ አባቴ አይቶ መሰከረ በይ።

ልንሄድ ስንል የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። እኔ ጆሮዬን ልይዝ ተዘጋጀሁ። ያ ቆርቆሮ በዝናብ ጊዜ መቶ ፈረስ እንደሚጋልብበት ነበር። ከቆርቆሮው ሥር የደረደርሽው ደንገል ድምፁን ዋጠው። እንደ እርጥብ ሣር ሹክሹክታ ብቻ ነው የቀረው። ጓድ ደሳለው አሁን ሜዳችን ላይ ስለጀመሩት ሩዝ ያስተምራል፤ እኔም ከኋላ አግዳሚ ተቀምጬ ከነዝናቡ ቃል በቃል ሰማሁት። ሩዝ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል ነው የሚለው። ውኃው እህላችንን ሲበላ ነው የኖረ፤ ውኃውን የሚበላ እህል ካለ ደግ ነው። የእናትሽ ምኞት በሰባ ዓመቴ ተማሪ ሆኜ ተፈጸመላት፤ እሷ እኮ አንቺን ትምህርት ቤት ስትልክ እኔንም አብራ ልትልከኝ ትመኝ ነበር።

ስሚኝ፤ ጣልያን ለእህል የሠራውን ቤት አንቺ ለሰው አደረግሽው። ድንጋዩን አላፈረስሽ፣ ከባሕር ማዶ ብረት አላስመጣሽ። የሜዳችንን ደንገል፣ የጣናን ነፋስ ይዘሽ ያን የጋን ቤት አስተነፈስሽው። እኔ ልጄን በአደባባይ አላወድስም፤ ዕለቱን ግን ከበሩ ስወጣ ለሚያገኘኝ ሁሉ ይህን የሠራችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ ወይ ስል ነበር። ሁሉም ያውቃሉ። ቢያውቁም ነገርኋቸው።

ጥፋትሽን ደግሞ ልንገርሽ፤ ደስ ያለው ሁሉ የሚሸነግልሽ አይምሰልሽ። የነፋሱን ነገር ለእኔ አውድማ ላይ ነገርሽኝ፤ ቤቱን የሚጠብቀው አዛናው ነው፣ ለአዛናው አልነገርሽውም። ለግንበኛ ነገርሽ፣ ለአለቃ ነገርሽ፣ ቤቱ ውስጥ ለሚያድረው ሰው ሳትነግሪ ሄድሽ። ግማሹን ቀዳዳ አዛናው ደፈነው፣ ግማሹን አንቺ ደፈንሽው። ወደፊት ስትሠሪ ዘበኛውን አስቀድሚ።

አዛናው እንደገና እንዳይደፍነው አሮጌ ጋቢዬን ሰጠሁት። ግድግዳውን ከምታለብስ ራስህን ልበስ አልሁት። ትናንት ለሚካኤል ንግሥ ለብሷት መጥቶ ነበር። እሱ እንደነገረኝ፣ ጓድ ደሳለው ለኮሚቴው ስልክ ደውሎ ነገሩን አስረድቷል፤ እነሱም እንደገና ሳንቀመጥበት ቁርጥ አንናገርም ብለዋል። ይምጡ። በቀትር፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እኔ የተቀመጥሁበት አግዳሚ ላይ ይቀመጡ። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ላብ ያወጣ ካለ የእኔ ጋቢ ይጥረገው።

አንቺም ተረጋግተሽ ልጅሽን አጥቢ። ክርስትና ተነሥታ፣ ውኃው ጎድሎ፣ መንገዱ ሲደርቅ በጥቅምት ይዘሻት ነይ። ከአጥሩ በር ስትደርሺ ዝም ብለሽ አትግቢ። አባዬ ብለሽ ከሩቅ ተጣሪ፤ ራሴ ተነሥቼ ልቀበልሽ እወዳለሁ፣ መጣችልዎ ተብሎ በሰው መቀስቀስ አልወድም። ልጅቱንም ጭኔ ላይ አስቀምጪልኝና ማንን እንደምትመስል አማከለችም አንቺም አፍ እንዳታወጡ። ግንባሯን በአውራ ጣቴ አንዴ ካበስሁት የእናትሽ ይሁን አይሁን ይገባኛል። ፎቶግራፍ ግን ከእንግዲህ አትላኪ። ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ይቆርጣል፣ ሌላ ነገር የለውም። ራሷን አምጪ።

የቁሐሩ ሚካኤል በክንፉ ይሸፍናችሁ። ወተትሽን ያብዛው፤ እጅሽን ይባርከው፤ የሠራሽው ቤት ሁሉ ነፋስ አይጣ፣ አንቺም ሰው አትጪ። ልጅቱ እንደ ሜዳችን ትስፋ።

መሪጌታ ጨርሻለሁ ብላቸውም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። ከራሴ አንድ ነገር ልጨምር ወይ ብለው ጠየቁኝ። መሐላዎን ያስቡ አልኋቸው። አስበዋል።

ስም መጻፍ አላውቅምና ከታች አውራ ጣቴን አትሜልሻለሁ። ቀለሙ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቶ ወይም ጽሕፈቱ ላይ አርፎ ካገኘሽው ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ጣቴን ይዘው ያሳረፉት መሪጌታ ናቸው።

አባትሽ